በዩቲዩብ አርበኛ፣ በሥራ ቦታ ባይተዋር

ከሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ሚኒሶታ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእኛ ሰው ስለ አራት ኪሎ ሲጠየቅ ሚኒስትሩን ከነምክትሉ ይቆጥራል። ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ከየት ተሻረ፣ ሁሉንም ያውቃል። ስምንት ሰዓት፣ ደብል ሲሠራም ዐሥራ ስድስት ሰዓት ቆሞ የሚውልበት ቤት ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የበዓል ክፍያው በምን ደንብ እንደሚሰላ፣ በደል ቢደርስበት ለማን አቤት እንደሚል ሲጠየቅ ግን «ተወኝ እባክህ፣ ዶላሬን ይዤ ልግባ» ይላል። ይህ ጽሑፍ ያችን «ተወኝ» የምትል ቃል ለመሞገት የተጻፈ ነው።

ስለ አገር ማሰቡን አልነቅፍም። አገሩን የረሳ ስደተኛ ምን ስደተኛ ነው! ነገር ግን ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ሕዝብ፣ እንጀራውን በሚጋግርበት ቦታ ላይ ዲዳ ከሆነ አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው የአበው አነጋገር ለእኛ የተተረተ ይመስላል።

ከላይ የተሰጠ ከላይ ይነሣል

የአሜሪካ ኩባንያዎች ባለፉት ዓመታት አንድ ቃል አዘውትረው ነበር፤ «ቢሎንጊንግ» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ «ቤተኛነት» ብንለው የሚቀርብ ይመስለኛል። ቤተኛ ማለት ሲገባ የማይሸማቀቅ፣ ሲቀር «የት ሄደ?» ተብሎ የሚጠየቅ፣ ሐሳብ ሲሰጥ የሚደመጥ ሰው ነው። ተቃራኒው ባይተዋር ነው። ባይተዋር ሰው ደመወዝ ሊከፈለው ይችላል፤ ከቤቱ ግን አይቆጠርም።

እዚሁ ሚኒያፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ታርጌት፣ ጆርጅ ፍሎይድ በግንቦት 2020 በዚሁ ከተማ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ የጥቁር ሠራተኞቹን ቁጥር በሦስት ዓመት ውስጥ በ20 በመቶ እንደሚያሳድግ ቃል ገብቶ ነበር። በጥቁሮች ባለቤትነት ለተያዙ ድርጅቶችም እስከ 2025 መጨረሻ 2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያወጣ በ2021 አስታወቀ። «ቢሎንጊንግ» የሚለው ቃል በዕቅዱ ስም ውስጥ ሳይቀር ገባ። ከዚያስ? የዋሽንግተኑ አስተዳደር በተለወጠ በአራተኛው ቀን፣ ጥር 24 ቀን 2025፣ ኩባንያው እነዚያ የብዝኃነትና የአካታችነት ግቦቹ ማብቃታቸውን ተናገረ።

ታርጌትን ያነሣሁት ለመውቀስ አይደለም። ነጋዴ ነፋስ ወደሚነፍስበት ያዘነብላል፤ ይህ ያለ ነው። የእኛ ትምህርት ግን ሌላ ነው። ከላይ በችሮታ የተሰጠ ቤተኛነት ከላይ በአንድ ደብዳቤ ይነሣል። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር በአንድ ሌሊት ይወርዳል። ሠራተኛው ራሱ ጠይቆ፣ ታግሎ፣ በደንብና በሕግ ያስጻፈው ግን በቀላሉ አይፋቅም።

ባይተዋርነት ምን ይመስላል?

በነርሲንግ ሆም፣ በሆስፒታል፣ በሆቴል፣ በኤርፖርት፣ በመጋዘን የምንሠራ ሰዎች ባይተዋርነትን በመጽሐፍ አልተማርነውም። ወይንሸት «ዌንዲ» ትሆናለች፤ ኃይለ ገብርኤል «ሄይል» ይሆናል። ባልና ሚስት የአባት ስማቸው ስለሚለያይ ኤችአር «በእርግጥ ተጋብታችኋል?» ይላል። ብዙዎቻችን በወረቀት የተወለድነው ጃንዋሪ 1 ስለሆነ በአንድ ቀን አምስት ስድስት ሐበሻ «ሃፒ በርዝዴይ» ይባላል። እነዚህ የሚያስቁ ናቸው፤ እንስቅባቸዋለን።

የማያስቁም አሉ። በ2025 ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ውለው ነበር። አለቃ ሠራተኛን ለማመስገን ፔፐሮኒ ፒዛ ያስመጣል። ክርስቲያኑ ጾመኛ ነው፤ ሙስሊሙ ጾመኛ ነው፤ ባይጾምም የአሳማ ሥጋ አይነካም። ሁለቱም ጥግ ይዘው ይቆማሉ። አለቃውም «እነዚህ ሰዎች ከሰው አይቀላቀሉም» ብሎ ይደመድማል፤ የዕድገት ቦታ ሲከፈትም ያ ድምዳሜ ይታወሰዋል። አገር ቤት አስተማሪ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው ዐሥር ዓመት ሙሉ በገባበት ደረጃ ይቀመጣል፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ «ኮሙኒኬሽን» ይባላል።

እኔ ራሴ ቀድሞ በሠራሁበት አንድ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ለጃንዋሪ 7 ሺፍት እንዲቀየርልኝ ስጠይቅ «ክሪስማስ እኮ አልፏል» ተብያለሁ። ዲሴምበር 25 ቀን የሠራሁት ሌላው ሰው ልጆቹን ይዞ እንዲውል ነበር። የእኔ ልጆች ደግሞ የገናን ዕለት አባታቸውን የሚያዩት ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ ያውም ነቅተው ከቆዩ ነው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። የእኔ ገና በሰንጠረዡ ላይ የለም፤ በቃ። ባይተዋርነት ማለት ይኸው ነው፤ ሳይጠሉህ አለመቆጠር።

ከእኛ በፊት የነበሩት ምን አደረጉ?

ይህች የምኖርባት ሴንት ሉዊስ ፓርክ ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ የተጠጋች ትንሽ ከተማ ናት። በኅዳር 2023 ነዋሪዎቿ ናዲያ ሞሐመድን ከንቲባ አድርገው ሲመርጡ፣ በአሜሪካ ለከንቲባነት የተመረጠች የመጀመሪያዋ የሶማሊያ ተወላጅ ሆነች። ብዙዎቻችን ደስ አለን። ይሁን እንጂ ከተማዋ ከእኛ በፊት የሌላ ባይተዋር ሕዝብ መጠለያ እንደነበረች የምናውቅ ጥቂት ነን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሰሜን ሚኒያፖሊስ ተነሥተው ወደዚህ የፈለሱት አይሁዶች ነበሩ።

በ1946 ኬሪ ማክዊሊያምስ የተባለ ጸሐፊ ሚኒያፖሊስን በአሜሪካ የአይሁድ ጥላቻ ዋና ከተማ ብሎ ጠርቷት ነበር። አይሁዳዊ ሐኪም ትምህርቱን በማዕረግ ቢጨርስም የከተማው ሆስፒታሎች በሽተኛውን አስተኝቶ የማከም ፈቃድ ይነፍጉት ነበር። ሥራ መቀጠር፣ ክበብ መግባት፣ በአንዳንድ ሰፈር ቤት መግዛትም እንዲሁ።

ምን አደረጉ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ብቻቸውን አልቆሙም። ከጥቁሮች፣ ከሠራተኛ ማኅበራትና ከወጣቱ ከንቲባ ከሂዩበርት ሃምፍሬይ ጋር ሆነው በ1947 በዘርና በሃይማኖት ምክንያት ሥራ መከልከልን የሚያስቀጣ የከተማ ደንብ አስወጡ። በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በዚያ ትግል ውስጥ ከነበሩት አንዷ ኔሊ ስቶን ጆንሰን ናት። በአንድ የሚኒያፖሊስ ክበብ የአሳንሰር ሠራተኛ የነበረች ጥቁር ሴት ስትሆን፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞችን በዩኒየን ያደራጀች ናት። ሁለተኛ፣ በ1951 ማውንት ሳይናይ የተባለ ሆስፒታል ከፈቱ። በሩን ለራሳቸው ወገን ብቻ አልዘጉትም፤ ሌሎች ሆስፒታሎች ለሚገፏቸው የሌላ ወገን ሐኪሞችም ክፍት አደረጉት። ይህችን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሐምሌ 15 ቀን 2019

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በሰኔ 2019 የሴንት ሉዊስ ፓርክ ምክር ቤት በስብሰባው መክፈቻ ላይ የሚደረገውን የሰንደቅ ዓላማ ቃለ መሐላ ለማስቀረት ወሰነ። አንዱ ምክንያት ዜጋ ያልሆነ አዲስ መጪ ባይተዋርነት እንዳይሰማው የሚል ነበር። አገር ተናወጠ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሳይቀሩ ገቡበት፤ ከየቦታው የመጡ ተቃዋሚዎች አዳራሹን ሞሉት። ምክር ቤቱም ሐምሌ 15 ቀን ውሳኔውን ሽሮ ቃለ መሐላውን መለሰ።

የምክር ቤቱ አባላት በቅን ልቦና ያደረጉት እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ያ ቃለ መሐላ የእኛ ችግር ሆኖ ያውቃል? ዜግነት ስንቀበል እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን በደስታ ያልነው ቃል እኮ ነው። የእኛ ችግር ሺፍቱ፣ ሰንጠረዡና ዕድገቱ ነበር።

በዚያው ቀን፣ ሐምሌ 15 ቀን 2019፣ ከዚህ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ በምትርቀው ሻኮፒ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። የአማዞን መጋዘን ሠራተኞች በኩባንያው ትልቁ የሽያጭ ቀን ሥራ አቁመው ወጡ። አብዛኞቹ ሶማሊያውያንና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ነበሩ። ታሪኩ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ2017 በተቋቋመው «አውድ» በተባለ ማዕከል ተሰባሰቡ፤ ቃሉ በሶማሊኛ «ኃይል» ማለት ነው። በረመዳን ጾመው በዚያው ፍጥነት ዕቃ እንዲያነሡ መገደዳቸውን፣ ለሶላት ያጠፉት ደቂቃ ከምርት ኮታቸው እየተቀነሰ ማስጠንቀቂያ እንደሚያመጣባቸው ተናገሩ። በ2018 መኸር የኩባንያው ኃላፊዎች ከእነሱ ጋር ለመነጋገር ተቀመጡ። የተነጋገሩት ስላላረካቸው ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 በበረዶ ውስጥ ቆመው ጮኹ፤ በሐምሌ 2019 ደግሞ ሥራ አቆሙ።

ያ ጩኸት የት ደረሰ? በ2023 የሚኒሶታ ምክር ቤት ለትልልቅ መጋዘን ሠራተኞች ጥበቃ የሚሰጥ ሕግ አወጣ፤ ከነሐሴ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ጸና። አሠሪው የምርት ኮታውን በጽሑፍ፣ ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ እንዲያሳውቅ ያዛል። ያልተነገረውን ኮታ አላሟላህም ብሎ ማባረርን ይከለክላል። ኮታው የምግብ፣ የዕረፍት፣ የመጸዳጃና የጸሎት ጊዜን የሚያሳጣ እንዳይሆንም ይላል። «ጸሎት» የሚለው ቃል በሚኒሶታ ሕግ ውስጥ ገባ! ያስገባው ከአገሩ ተሰድዶ እንግሊዝኛው የሚሰባበርበት የመጋዘን ሠራተኛ ነው። እኛ በዚያን ዘመን ምን እናደርግ ነበር? በስልክ ስብሰባ የትኛው ባንዲራ እውነተኛው እንደሆነ እንከራከር ነበር።

የገና ጥያቄና የአብላጫው ድምፅ

ብዙ ወገኖቻችን ወደሚሠሩበት ወደ ነርሲንግ ሆም እንመለስ። ሚኒሶታ በ2023 የነርሲንግ ሆም ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚወስን ቦርድ አቋቋመ። ዘጠኝ አባላት አሉት፤ ሦስት ከአሠሪ፣ ሦስት ከሠራተኛ፣ ሦስት ከመንግሥት። ቦርዱ ካወጣቸው የመጀመሪያ ደንቦች አንዱ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራ የበዓል ክፍያ ደንብ ነው። በዐሥራ አንድ የታወቁ በዓላት የሚሠራ ሰው አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈለው ይላል።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን ብዙ ሰው ያላነበበው አንቀጽ ነው። ደንቡ ሲወጣ፣ በአንድ ቤት የሚመለከታቸው ሠራተኞች በአብላጫ ድምፅ ከተስማሙ ከዐሥራ አንዱ በዓላት እስከ አራት የሚሆኑትን በሌላ ቀን መተካት እንደሚቻል ፈቅዷል። ይህ ማለት የፕሬዚዳንቶችን ቀን በገና፣ ሌላውን በዒድ መለወጥ ይቻላል ማለት ነው። ዕረፍት አይሰጥም፤ ክፍያ ነው። የሚመለከተውም ነርሲንግ ሆምን ብቻ ነው፤ ግሩፕ ሆምንና አሲስትድ ሊቪንግን አይነካም። ቢሆንም ገና በሰንጠረዡ ላይ ሲጻፍ አለቃ «አልፏል እኮ» ሊል አይችልም።

ነገር ግን ቃሉን ልብ በሉ፤ አብላጫ ድምፅ። አብላጫ ከየት ይመጣል? በአንድ ቤት አማራው ብቻውን አብላጫ አይሆንም፤ ኦሮሞውም ብቻውን አይሆንም፤ ትግራዋዩም፣ ኤርትራዊውም እንዲሁ። ገና ግን ለአራቱም ኦርቶዶክሶች አንድ ቀን ነው። ዒድ ለወሎው፣ ለጅማው፣ ለሐረሩና ለሞቃዲሾው ሙስሊም አንድ ነው። ክርስቲያኑ ለዒድ፣ ሙስሊሙ ለገና ድምፅ ከሰጠ፣ ላይቤሪያዊውና ሜክሲኳዊውም የየራሱን ቀን ከጠየቀ፣ አራቱ ቀኖች ይሞላሉ። ካልተነጋገርን ግን ደንቡ በወረቀት ላይ ይቀራል።

እየተነጋገርን ነውን? እውነቱን እንናገር። ለዓመታት በቀበሌ መታወቂያችን ላይ ብሔር ሲጻፍ ተቃውመናል። መታወቂያውን ቦሌ ትተን መጣን፤ መስመሯን ግን በልባችን ይዘናት መጣን። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ ኋላም በአማራና በኦሮሚያ ደም ሲፈስ፣ በዚህ አገር በአንድ ወለል የሚሠሩ ሰዎች ሰላምታ አቋረጡ። የማውቃቸው ሁለት እኅቶች አሉ፤ ሁለቱም የደረሰባቸው ሐዘን እውነተኛ ነው፤ አልፈርድባቸውም። መነሣት የማይችል ሕመምተኛ በማንሻ ማሽን ሲነሣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱ እኅቶች አሮጊቷን ግራና ቀኝ ሆነው፣ ቃል ሳይለዋወጡ፣ በዓይን እየተጠባበቁ ያነሣሉ። ለፈረንጅ አሮጊት ነፍስ ሲሉ እጃቸውን ያስተባብራሉ፤ ለራሳቸው ገና ግን አንድ ወረቀት ላይ አብረው መፈረም አልቻሉም።

ማውንት ሳይናይን ያነሣሁት ለዚህ ነው። የራሳችን ሰዎች ዛሬ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት፣ ምግብ ቤት፣ ሱቅና የታክሲ ማኅበር ከፍተዋል፤ እሰየው። የሥራ ማስታወቂያው ግን በአፍ ይነገርና ጆሮ የሚደርሰው ለአንድ ወገን ብቻ የሚሆንበት ቤት ስንት ነው? በስብሰባ ላይ አንዱ በማያውቀው ቋንቋ እየተወራ በገዛ አገሩ ልጆች መካከል ባይተዋር የሚሆን ስንት ነው? የተገፋ ሰው ቤት ሲሠራ ሌላውን የሚገፋበት በር ካበጀለት፣ ፈረንጅን «አግልለኸናል» ብሎ የመክሰስ አፍ አይኖረውም። የሚኒሶታ የሰብዓዊ መብቶች ሕግም አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለውን አሠሪ ሳይቀር በዘርና በትውልድ አገር አድልዎ ይጠይቃል፤ ለሐበሻ አሠሪ የተለየ ቀዳዳ የለውም።

«ያባርሩናል» ለሚሉ

ፍርሃቱ ይገባኛል። ዛሬ ስደተኛ መሆን በራሱ የሚያስፈራበት ጊዜ ነው። ነገር ግን ፍርሃታችን ግማሹ ካለማወቅ ነው። ሦስት ነገር ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛ፣ በ1935 የወጣው የፌዴራል የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ፣ ዩኒየን በሌለበት የግል ድርጅት እንኳ፣ አለቃ ያልሆኑ ሠራተኞች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ተነጋግረው አንድ ላይ መጠየቃቸውን ይጠብቃል። ብቻውን የሚያጉረመርመውን ግን እንደዚያ አይጠብቀውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የእኛን ተረት የፈረንጅ ሕግ ጽፎታል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሰኔ 29 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእሑድ አልሠራም ያለ ጄራልድ ግሮፍ የተባለ የፔንሲልቬኒያ የፖስታ ሠራተኛ ባቀረበው ክስ ላይ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ወሰኑ። ከዚያ በፊት አሠሪው ትንሽ ወጪ ካሳየ ሃይማኖታዊ ጥያቄን መከልከል ይችል ነበር። አሁን ጥያቄው በሥራው ላይ ከፍ ያለ ወጪ የሚጨምር መሆኑን ማስረዳት አለበት። ግሮፍ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነው፤ ያስገኘው ፍርድ ግን ለጁምዓ ሶላትም ለስቅለትም ይሠራል። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ፣ ከበዓሉ ብዙ ሳምንት አስቀድማችሁ አቅርቡ፤ ቅጂውን ያዙ።

ሦስተኛ፣ አድልዎ የደረሰበት ሰው ለሚኒሶታ የሰብዓዊ መብቶች መምሪያ ለማመልከት ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። «እስኪ ልታገሥ» እያለ ዓመቱን የሚያሳልፍ ሰው ትዕግሥቱን እንጂ መብቱን ይዞ አይቀርም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለው በከንቱ አይደለም።

መደራጀት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1963 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም በውስጡ የነበሩት ከየማዕዘኑ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። በመጋቢት 1974 አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠሩ አንዱ የሌላውን ቀበሌ አልጠየቀም። እዚህም እድር ያላቋቋመ ሐበሻ የለም፤ ጸሐፊ እንመርጣለን፣ መዋጮ እንሰበስባለን፣ የቀረውን እንቀጣለን። አንድ ሰው ሲሞትብን ይህን ሁሉ እንችልበታለን። በሕይወት ላለው ሰው ይህንኑ ማድረግ እንዴት ያቅተናል?

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከአገር ቤት ዜና ሩብ ሰዓት ቀንሳችሁ በሥራ ቦታችሁ ያለውን የበዓል ደንብ አንብቡ። በዕረፍት ክፍሉ ከማታናግሩት የአገራችሁ ልጅ ጠረጴዛ ቁጭ በሉ። ስለ ፖለቲካው መስማማት አይጠበቅባችሁም፤ ስለ ጃንዋሪ 7 ብቻ ተነጋገሩ። አንድ ወረቀት ላይ አብሮ መፈረም የቻለ ሰው፣ ነገ ስለ ትልቁ ቤታችንም ቁጭ ብሎ ለመነጋገር አፉ ይፈታል ብዬ አምናለሁ። አሥር ሰው ባለበት የሥራ ቦታ ያልተለማመድነውን አብሮነት ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው ባለበት አገር እናመጣለን ማለት ራስን ማታለል ነው።

ቸር ይግጠመን።